«አራስ»፣ «የምታጠባ እናት» እና «የሰውነት ይዘት»

የሥነ ምግብ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ልጇን ጡት ለምታጠባ ሴት ሁሉ «አራስ» የሚለውን ቃል ሲሰጡ እናያለን። ቃሉ ነባርና ለጆሮም የጣመ ነው፤ ሆኖም የጊዜ ገደብ አለው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ የአራስነት ወግ ብዙውን ጊዜ ከክርስትናው ዕለት አያልፍም፤ ይኸውም ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ነው። ማጥባት ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። እንግዲህ «አራስ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል» የሚል ጽሑፍ የደረሳት የ9 ወር ሕፃን እናት ነገሩ እርሷን እንደማይመለከት ብትቆጥር አይፈረድባትም። ገንፎውና አጥሚቱ ከቀረባት፣ ወደ ሥራዋም ከተመለሰች ሰንብታለችና። «እመጫት»ም ቢሆን ለቅርብ ወላድ የሚነገር ነው። «አጥቢ» አጭርና ሰዋስዋዊ ቢሆንም የእንስሳት ጥናት ስለ ወሰደው፣ እኛ «የምታጠባ እናት» የሚለውን እንመርጣለን።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቸግረው የሰውነቷ ነገር ነው። «የሰውነት አቋም» ማለት አይበቃም፤ አቋም በዓይን የሚታየው ቁመና ነውና። እዚህ የሚፈለገው ከጠቅላላው ክብደት ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻ፣ አጥንትና ውሃ እንደሆነ ነው። «ጥንቅር» ደግሞ ሰው አሰባስቦ ያዘጋጀውን ሥራ ያስታውሳል። ስለዚህ «የሰውነት ይዘት» ይሻላል እንላለን። ኪሎግራሙን በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ግን ይዘት አይደለም፤ ከ18.5 ሲያንስ ክሳትን ያመለክታል እንጂ ስብን ከጡንቻ አይለይም።

የይዘቱ ጉዳይ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ዘገባ እንጥቀስ። በዚያ ስሌት መሠረት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ማጥባት በቀን 675 ኪሎካሎሪ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በሚገባ የተመገበች እናት 170 ያህሉን በእርግዝናዋ ጊዜ ካጠራቀመችው ስብ ስለምታገኝ፣ ከምግብ የሚጨመርላት 505 ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳችው ግን ሙሉውን ከምግብ ማግኘት ይኖርባታል።

ይህን የተጠራቀመ ስብ «የስብ ክምችት» ማለት ስሕተት የለበትም። እኛ ግን «የስብ ስንቅ» ብንለው እንወዳለን፤ ስንቅ ለመንገድ ተይዞ እየተበላ የሚያልቅ ነውና፣ ቃሉ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በሰውነት ውስጥ ያለው «ስብ»፣ በምግብ ውስጥ ያለው «ቅባት» ተብለው ይለዩ፤ ይህ ካልሆነ ስለ ሰውነቷ ስብ የተጻፈው ምክር ቅቤውን ከገንፎዋ ያስቀርባታል።