«ወጣቶቹን አስገባ!» እሺ፣ ከየት?

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግስት የሰፈራችን ጀበና ቡና ሦስት አሰልጣኝ ይኖረዋል። አንዱ «ኳስ ይዘን እንጫወት፣ መለያችን እሱ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ተወኝ ባክህ! ዘመኑ የጉልበት ነው፤ በረዥሙ ምታና ሩጥ» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ ሲኒውን ያስቀምጥና ሁሌ የሚላትን ይላል፦ «ችግሩ አጨዋወት አይደለም። አንጋፋዎቹን አስወጥቶ ወጣቶቹን ማስገባት ነው።»

እዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። ወጣቶቹን አስገባ! ማን ይቃወማል? እኔም ለዓመታት ራሴን ስነቀንቅ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ግን ቡና የምታፈላልን ልጅ (ሳትወድ በግዷ የእግር ኳስ ተንታኝ የሆነች ናት) ከሰል እያራገበች አንድ ጥያቄ ጣለች። «እሺ ስማቸውን ንገሩኛ። ዕድሜው ከ20 በታች የሆነ፣ በፕሪምየር ሊጉ በየሳምንቱ በቋሚነት የሚሰለፍ፣ አምስት ልጅ ጥሩልኝ።»

ጸጥ። አንዱ ስልኩን አወጣ። ሌላው ትንሽ አሰበና «አቡበከር ናስር» አለ። «እሱ እኮ አድጓል» አለችው።

ነገሩ ያስቃል፣ ግን የአቡበከር ስም መጀመሪያ መምጣቱ አይገርምም። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ሲጫወት በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ ጌታነህ ከበደ ይዞት የነበረውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ከዚያ የጉልበት ጉዳቱ መጣ። እኛም ሁላችን አብረን ያነከስን ይመስል ነበር። የአንድ አገር የአጥቂ መስመር በአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ሲንጠለጠል ችግሩ የልጁ ጉልበት አይደለም።

ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ የሁለቱን አሰልጣኞቻችንን ክርክር ማክበር ያስፈልጋል፤ ከንቱ ክርክር አይደለምና።

የኳስ ይዘን ወገን ማስረጃው ሊሎንግዌ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ የውበቱ አባተ ቡድን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። ግብጽ ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ቡድን ነበረች። አዎ፣ ሳላህ በጉዳት አልነበረም። ቢሆንም ያን ጨዋታ ያየ ሰው ተከላካዮቻችን ኳስ ሲቀባበሉ፣ አማካዮቻችን ዞረው ሲቀበሉ፣ ግብጾቹ ባዶ ቦታ ላይ ሲሮጡ አይረሳም። የግብጽ አሰልጣኝም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ።

የበረዥሙ ምታ ወገን ደግሞ ካሜሩንን ይጠራል። በዚያው ዓመት ጥር በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ አንድ ሰው ጎደለብንና 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአስተናጋጇ ጋር በነበረው ሁለተኛ ጨዋታ ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ አገር ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀው ግን 4 ለ 1 ነው። ከእረፍት በኋላ አቡበከር (የእነሱ ቪንሰንት አቡበከር ማለቴ ነው) በደቂቃዎች ልዩነት ሁለት ጎል ሲያገባ ልጆቻችን እግራቸው ከድቷቸው ነበር። ሐሳባቸው ያውቃል፣ እግራቸው አይደርስም።

የእኔ ፍርድ? አጨዋወቱ ስህተት አልነበረም። ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ኳሱን ሲነጠቅ በአምስትና ስድስት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ለመንጠቅ መሮጥ አለበት፤ ያን ካልቻለ በሩን ከፍቶ እንደተኛ ቤት ነው። ያ ሩጫ ደግሞ በአስር ቀን ካምፕ አይገዛም። በ14፣ በ15፣ በ16 ዓመት የሚሠራ ነገር ነው፤ በቂ ምግብ፣ ደረጃውን የጠበቀ ልምምድ፣ በየሳምንቱ ጨዋታ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉበት ነገር ሦስተኛው ሰውዬ ጋ ተመልሶ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ስም ሲጠየቅ ስልኩን ያወጣል።

ለብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ «ወጣት አስገባ» ማለት ወፍጮ ቤት ሄዶ ስለ እህሉ ከባለወፍጮው ጋር መጣላት ነው። የሚፈጨው ያመጣህለትን ነው።

ታዲያ እህሉ ማን ጋ ነው? ክለቦች ጋ። እስቲ ለአምስት ደቂቃ የአንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሁን። በጀትህ በአብዛኛው የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከክልል ነው። ዘንድሮ ሊጉ ላይ ከቆየህ የከርሞው በጀት ይፈቀዳል፣ ከወረድክ አንተም ትወርዳለህ። ሁለት ምርጫ አለህ። አንደኛው፣ ልምድ ያለው የ29 ዓመት ተከላካይ በሁለት ዓመት ውል ማስፈረም። ሁለተኛው፣ ለ15 ዓመት ልጅ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ አሰልጣኝና ትምህርት ቤት እየከፈልክ አራት አምስት ዓመት መጠበቅ። ልጁ ደህና ተጫዋች ከሆነልህ አጭር ውሉ ያልቅና ሌላው ክለብ የፊርማ ገንዘብ ሰጥቶ ይወስደዋል። ላንተ የሚቀርህ «ያሳደገው ክለብ» የሚል ስም ነው። ስም ደግሞ ለበጀት ኮሚቴ አይቀርብም።

አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር? እኔም እንዳንተው። ሰውየውን ሰነፍ ወይም ሌባ ማለት አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። የጋራ ግጦሽ ማለት ይኼ ነው፦ ሁሉም ከብቱን ያሰማራል፣ አጥሩን የሚያጥር የለም።

ከዚያ ምን ይሆናል? ለጥቂት ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ብዙ የመንግሥት በጀት ይሻማል። ዋጋ ይሰቀላል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? ወዲያው «በጎን» የሚባለው ክፍያ የሁሉም ወሬ ሆነ። ስኳርና ዘይት ላይ ስንት ጊዜ ያየነው ነገር ነው። ዋጋ ላይ ጣሪያ ስታደርግ ዕቃው አይበዛም፣ ጓዳው ነው የሚበዛው። ተጫዋች ውድ የሆነው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ጥቂት የሆነው የሚያሳድግ ስለሌለ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ደጋፊ የማያወራው አንድ የፊፋ ሕግ አለ። አንድ ተጫዋች በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ባለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። እንበልና አንድ ልጅ በ200 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከ12 እስከ 15 አራቱንም ዓመት የያዘው የሰፈር ቡድን 1 በመቶ፣ ማለትም 2 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ለአውሮፓ ክለብ የሻይ መጠጫ ነው። ለእኛ ሰፈር ቡድን ግን ኳሱ፣ ማሊያው፣ የአሰልጣኙ ደመወዝ፣ የልጆቹ ዳቦ ለስንት ጊዜ?

ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። ቡድኑ በፌዴሬሽን የታወቀ መሆን አለበት። ልጁ በየዓመቱ የት እንደተጫወተ የተመዘገበ መረጃ መኖር አለበት። ልጁም ውሉ ሳያልቅ በዋጋ መሸጥ አለበት፤ ውሉ አልቆ በነጻ ከሄደ የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ለሰፈር ቡድን የተጫወቱት ስማቸው በአሰልጣኙ ደብተር ላይ ብቻ ተጽፎ ነው። ደብተሩ ደግሞ ዝናብ ይመታዋል።

ስለ ምዝገባ ካነሳን ዕድሜን መዝለል አይቻልም። የሰፈራችን ምርጥ ግራ እግር የነበረ ልጅ አውቃለሁ። በ16 ዓመቱ ለአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ሙከራ ሄደ። አብረውት የተሰለፉት «ከ17 በታች» ልጆች ግማሾቹ ጢማቸውን ተላጭተው የመጡ ነበሩ። ትከሻ ለትከሻ ሲገጥም ይወድቃል። «ገና ነህ፣ ሰውነት ያንስሃል» ተባለ። ለነገሩ እውነት ነው፤ 16 ዓመት ነዋ! በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው «ወረቀትህን ሁለት ዓመት ቀንሰህ ና» ብሎ መከረው። አልቀነሰም። ዛሬ በሞተር ዕቃ ያደርሳል፤ ግራ እግሩ የሚሠራው ማርሽ ለመቀየር ነው።

እንግዲህ ስሌቱን እዩት። ዕድሜውን የደበቀው ልጅ ታዳጊ ቡድኑ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ዋንጫም ያመጣ ይሆናል። ለዓለም አቀፍ ውድድር ሲታጭ ግን የእጅ አንጓ አጥንቱ በኤምአርአይ ይታያል (ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠቀምበታል)። ያኔ ትልቁ ይወድቃል። ትንሹ ደግሞ ቀድሞ ወድቋል። ሁለቱንም አጣን ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ እኔ ራሴ ዘግይቶ የገባኝ። ወጣት ተጫዋች የት ነው የሚሞከረው? በየትኛውም አገር አሰልጣኝ አዲስ ልጅ የሚያስገባው በሜዳው፣ በሕዝቡ ፊት፣ ቀለል ካለ ተጋጣሚ ጋር ነው። ልጁ ኳስ ቢያበላሽ 30 ሺህ ሰው «አይዞህ» ይለዋል። እኛ ግን ለዓመታት ሜዳ የሌለን ቡድን ሆንን። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። ቀጥሎ ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። ግብጽን ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ። በኋላም ሞሮኮ ድረስ ሄደን ባለሜዳ ተባልን። ሁሉም ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ሲሆንበት አሰልጣኙ ምን ያደርጋል? የሚያውቀውን ያሰልፋል። እሱንም አልፈርድበትም።

እኔ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ስታዲየም አልገባሁም፤ ግን ጩኸቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ማታ መንገድ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ ዘልያለሁ። ያኔ በሰፈራችን የማይጫወት ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም ወይ አዳነ ግርማ ነው ወይ ሳላዲን ሰኢድ። የዛሬዎቹ ልጆች ሳካ ናቸው። ምን ይሁኑ? ያዩት እሱን ነው።

ወደ ጀበናው ልመለስ። የልጅቷ ጥያቄ ስላልተመለሰ አንድ ሥራ ያዝን። እያንዳንዳችን የምንደግፈውን ክለብ ስብስብ ከፍተን ከራሱ ታዳጊ ቡድን ያደገ ስንት እንዳለ፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ስንቱ እንደሚሰለፍ መቁጠር። የቡና ደጋፊው ትንሽ ኮራ ብሎ ጀመረ፤ ክለቡ አቡበከርን ገና በወጣትነቱ ደጋግሞ አሰልፎታልና። የጊዮርጊሱ ተከራከረው። የሌላው ክለብ ደጋፊ ሁለት አግኝቶ አንዱ ግብ ጠባቂ፣ ያውም ሦስተኛ ተጠባባቂ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜያቸውን ልንፈልግ ስንገባ ደግሞ አንድ ተጫዋች በሁለት ድረ ገጽ ሁለት የልደት ዓመት አለው። የትኛው ነው ብለን ተጣላን።

«ይኼን ሁሉ ከምትፈልጉ» አለች፣ ሦስተኛውን እየቀዳች፣ «እሑድ ጠዋት እዚህ ከኋላችን ያለው ሜዳ ላይ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ይጋጠማሉ። ወንድሜም አለበት። ለምን መጥታችሁ አታዩም?»

በስንት ሰዓት አልናት። አንድ ሰዓት ተኩል። ተያየን። ከስድስታችን «እመጣለሁ» ያለው ያ ሦስተኛው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም አርሴናል የሚጫወተው ማታ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ።