ኑዛዜ በሕግ ፊት

ሰው ለቤተሰቡ ቤት ለመሥራት ዕድሜውን ሙሉ ይደክማል፤ ቤቱ ከእርሱ በኋላ ለማን እንደሚሆን በጽሑፍ ማስፈሩን ግን ለነገ ያስተላልፋል። በግዳጅ ላይ ያለ ወታደርም ሆነ በሱቁ የሚውል ነጋዴ «ቤቴን ለእናቴ» ብሎ ለባልንጀራው ከነገረ አደራው የሚፈጸም ይመስለዋል። እኛም ሕጉ ምን እንደሚል ለአንባብያን ማስረዳቱን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገረውን የቃል ኑዛዜ ይቀበላል። ሆኖም ይህ ኑዛዜ የቀብርን ሥርዓት ከማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳጊን ከሚመለከት ቃልና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ከመተው አያልፍም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ በቅድሚያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ልጅ ካለ እናት አትወርስም። ሚስትም ከጋራው ሀብት የራሷን ድርሻ ትወስዳለች እንጂ በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ይጠቀሳል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርሙበታል። በገዛ እጁ የሚጽፍም ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመልክት፤ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያኑር። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጠው ግን ዋጋ ያጣል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከለቅሶ በኋላ ወንድማማቾችን በችሎት ከማቆም፣ ዛሬ የሕግ ባለሙያ ጠይቆ አንድ ገጽ ማስጻፍ ይቀላል።