የእናት ዶሮ ቀለብ

አንዲት ዶሮ 12 ዕንቁላል አቅፋ በ21 ቀኗ 4 ጫጩት ብቻ ብታወጣ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዳንዶቻችን «ነጎድጓድ ሰምቶ ነው የገማው» እንላለን። ነጎድጓዱን እንተወውና ዶሮዋ ከማቀፏ በፊት ምን ስትበላ ነበር ብለን እንጠይቅ።

ጫጩት ዕንቁላል ውስጥ ሳለ ከውጭ የሚያገኘው ምግብ የለም። የሚያድገው እናቱ በአስኳሉና በነጩ ካስቀመጠችለት ስንቅ ነው፤ አጥንቱንም የሚያጠነክረው ከቅርፊቱ እየወሰደ ነው። እናቲቱ ከተራበች ስንቁ ይጎድላል። አስኳል ደግሞ በአንድ ሌሊት አይሞላም፤ 10 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የሚታቀፈውን ዕንቁላል መሰብሰብ ከመጀመራችን 2 ወይም 3 ሳምንት አስቀድመን ቀለቧን እናሻሽል።

ቀደም ሲል በቂሊንጦ ጤፍና ስንዴ ከሚወቃበት አውድማ ዶሮ ለቅማ ትጠግብ ነበር። ዛሬ ብዙው ማሳ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ቦታ ሆኗል። የጎደላትን እኛ ካልሞላንላት ማን ይሞላላታል?

እህል ብቻውን አይበቃም። ስንዴ ወይም በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ገንቢው ምግብ ግን በኑግ ፋጉሎ፣ በምስጥና በትል ይገኛል። በ3 እጅ የተከካ እህል ላይ 1 እጅ ፋጉሎ እንቀላቅል። ከጓሮ ጎመን ቅጠል እንጨምርላት። የዕንቁላል ቅርፊትም አንጣል፤ ምጣድ ላይ አምሰን፣ አድቅቀን ማታ ማታ እንስጣት። አዲሱ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነውና። ሳይደቅ ከሰጠናት ግን የራሷን ዕንቁላል መብላት ልትለምድ ትችላለች።

«ለዶሮ ምን አለበት» ተብሎ የሻገተ እህል አይሰጥም። ሻጋታ መርዝ አለው፤ ዶሮዋንም ዕንቁላሏንም ይጎዳል። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊም እንደዚሁ ነው። ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አይጥፋ። የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የከተማ ቆሻሻ ስለሚገባበት የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ይሻላል።

አውራውንም አንርሳ። ጥሬ ሲያገኝ ሴቶቹን እየጠራ ስለሚያበላ ራሱ ሊከሳ ይችላል፤ የከሳ አውራ ያለበት ቤት መካን ዕንቁላል ይበዛል። ለ10 ዶሮ አንድ ብርቱ አውራ ይበቃል። ብርቱውን ለአውደ ዓመት አርደን ደካማውን ለዘር የምናስቀርስ ስንቶቻችን ነን?

ዶሮዋ ካቀፈች በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ትነሣለች። ጥሬና ውሃ ቅርብ እናስቀምጥላት። ለጥቂት ደቂቃ ብትቆይ ዕንቁላሉ አይበላሽም፤ በልታ ጠጥታ ራሷ ትመለሳለች፤ አናዋክባት።