እናት የት ነው የሚተኙት?

ቆቦ ላይ የቤት ፕላን ይዞ ለሚመጣ ሰው የማልተወው ጥያቄ አለኝ፦ «እናት የት ነው የሚተኙት?» መልሱ ብዙውን ጊዜ «ላይ፣ ነፋሻው ክፍል» ነው። የራያን ቆላ ሙቀት ለሚያውቅ ይህ የልጅ ወግ ነው። ሳዑዲ ለፍቶ ፎቅ ያቆመ ልጅ እናቱ ከወበቁም ከትንኙም ከፍ ቢሉለት ደስ ይለዋል።

ጭስም ሽቅብ ነው የሚሄደው። ታች ማድ ቤት እሳት ቢነሣ መጀመሪያ የሚታፈነው ደረጃው ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው እናት ያንን ደረጃ በቀን እንኳ ድጋፉን ይዘው፣ እያረፉ ነው የሚወርዱት። ስለዚህ አልጋቸው ምድር ቤት፣ ከውጭ በር አጠገብ ይሁን እላለሁ።

ምድር ቤትም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በነባሮቹ የጭቃ ቤቶች ኮርኒሱ የተወጠረ ማዳበሪያ ነው፤ እሳት ከያዘው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ከሥሩ አልጋ፣ አልጋው ላይ የወባ አጎበር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራስጌ ላይ ሻማ። አጎበሩን የሚያስወልቅ ምክር አልሰጥም፤ ወባው የታወቀ ነው። ሻማው ግን በባትሪ ይተካ።

ከሁሉም የሚያከራክረኝ ብረቱ ነው። መስኮቱ ሁሉ በፍርግርግ ተበይዷል፤ በሩ ማታ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉ ምራት ቀሚስ ኪስ ውስጥ ያድራል። አንዲት እናት «ታዲያ ሌባውስ፣ ልጄ?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። ያገኘሁት ማስታረቂያ ይኸው ነው፦ ከአንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ሰው የሚያሳልፍ በር ይውጣለት፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ፣ ከውጭ እጅ የማይደርስበት ይሁን። የበሩም ቁልፍ አልጋው አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ ተቀምጠው በሚደርሱበት ቁመት። ለብየዳ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሕጉ እዚህ ድረስ አልመጣም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ ይኑር ያለው ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነበር። ሕግ የጠበቀባት ለንደንም ብትሆን አልዳነችም። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በሚኖሩበት ግሬንፌል ታወር በተባለ ፎቅ በተነሣ እሳት 72 ሰዎች ሞቱ፤ ነዋሪው «ባላችሁበት ቆዩ» ይባል ነበር። ከ37 አካል ጉዳተኛ ነዋሪዎች 15ቱ አልወጡም። እሳቱን ያጣራው ጉባኤ በኋላ ብቻውን መውጣት ለማይችል ሰው ሁሉ በስሙ የመውጫ ዕቅድ ይዘጋጅለት አለ። ለእኛ ሰፈር ሲመነዘር፣ እናትን ማን እንደሚያወጣ፣ እሱ ከሌለስ የትኛው ጎረቤት እንደሚተካው አስቀድሞ መነጋገር ማለት ነው።

በቅርቡ አንድ ባለቤት ከጅዳ ስልክ ላይ ሆኖ ብዙ ተከራከረኝና በአንድ መስኮት ተስማማ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር፦ ማጠፊያው ከፍርግርጉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ።