ስለ ረጅም መንገደኛ ጓዝ፤ ከመነሣት በፊት በየካና በእንጦጦ ዳገት ስለሚደረግ ፈተና

በዚህ ዘመን ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ ለትምህርትና ለሥራ ብቻ ሳይሆን አገር ለማየት ሲሉ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ለብዙ ወራት ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ወላጆቻቸውም አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ገንዘቡና ስለ ፓስፖርቱ ነው፤ ጓዙ የሚሰናዳው ግን በመጨረሻው ሳምንት፥ ያውም በችኮላ ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን የቆሰለ እግርና የዛለ ትከሻ ከገንዘብ እጥረት ባላነሰ መንገደኛን ከመንገድ ያስቀራል። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች አስቀድመው ይመክሩበት ዘንድ ጥቂት ነገር እናመለክታለን።

ጓዝ አቅልሎ ረጅም መንገድ መሄድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከጎጃም ወደ ጎንደር፥ ከጎንደር ወደ ወሎ መምህር ፍለጋ ሲዞር ንብረቱ ደበሎ፥ አኮፋዳና ዱላ ነበረ። ደበሎው ቀን ልብስ፥ ሌሊት መደረቢያ ነው፤ ዱላው በዳገት ምርኩዝ፥ በመንደር የውሻ መከላከያ ነው። ዛሬ በሱቅ የተደረደረውን ልዩ ልዩ ዕቃ የሚመለከት ወጣት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን የተማሪውን ጓዝ ቢያስታውስ ይጠቀማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ጫማ ነው። እግር ሲቆምና ሲሄድ ውሎ ጥቂት ያብጣልና፥ ጫማን ከቀትር በኋላ መግዛት ይሻላል። ሲለኩትም ለመንገድ የታሰበውን ካልሲ አድርጎ፥ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ባዶ ስፍራ መተው ይገባል። የአበበ ቢቂላን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ያሸነፈው፥ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ሮጦ ዳግመኛ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው የባዶ እግርን ጀግንነት ለማድነቅ ነው፤ እኛ ግን ያልተለመደ ጫማ በዋናው ቀን አለማድረጉንም እንደ ትልቅ ብልህነት እንቆጥረዋለን። የአበበን እግር ያልታደለ መንገደኛ ጫማውን ጥሎ ሊሄድ አይችልምና፥ አዲሱን ጫማ በአገሩ ሳለ ቢያንስ አንድ ወር ይልመደው።

ለዚህ ፈተና የአዲስ አበባ ሰው ዕድለኛ ነው። በወሰን ሰፈር የሚኖር ሰው ወደ ሰሜን ቢያቀና የየካ ተራራ በቅርብ ይጠብቀዋል፤ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል በዚሁ ተራራ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ የእንጦጦ ተራራ ይቀጥላል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዳገቱ ትንፋሽንና ተረከዝን ይፈትናል፤ ጫማን በእውነት የሚመረምረው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፥ ማሰሪያውን አጥብቆ እንደ ገና መሞከር፥ ካልተሻለም ጫማውን መለወጥ ነው። ወደ ጫካው ግን በቀን እንጂ በምሽት፥ ከጓደኛ ጋር እንጂ ለብቻ አይኬድም።

የጀርባ ሻንጣም እንዲሁ ባዶውን ተለክቶ አይገዛም። ሙሉ ጓዙ ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለ ሆነ፥ ለመጀመሪያው ፈተና በሻንጣው 10 ሊትር ውሃ በኮዳ ሞልቶ መውጣት መልካም ዘዴ ነው፤ ድካም ሲበዛ ውሃው በመንገድ ይፈስሳልና። ጥሩ ሻንጣ ወፍራም የወገብ ቀበቶ አለው፤ ቀበቶው በዳሌ አጥንት ላይ ሲታሰር የሸክሙ አብዛኛው ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክሙን ከወገባቸው በላይ አጋድመው፥ ጎንበስ ብለው ሲሄዱ ይታያሉ። እነርሱ ቀበቶም ምርጫም የላቸውም፤ ለጉብኝት ሸክም የሚመርጥ ወጣት በመንገድ ሲያገኛቸው ቆም ብሎ ቢያሳልፋቸው ተገቢ ነው።

የዝናብ ልብስ በሐምሌ ይፈተናል፤ አንድ ሰዓት ሄደውበት ስፌቱና የሻንጣው ማንገቻ የሚጫነው ትከሻ ርሶ እንደ ሆነ መመልከት ነው። የመኝታ ከረጢት ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይፈተናል። በከረጢቱ ላይ ሁለት የብርድ ልክ ተጽፎ ቢገኝ፥ ምቾት የሚለውን እንጂ ዝቅተኛውን ማመን አይገባም። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ጋቢ በቤት የሚወደድ ነው፤ ነገር ግን ጥጥ ስለ ሆነ ሲርስ ይከብዳል፥ ለመድረቅም ይዘገያል። በእርሱ ፈንታ ነጠላ ይያዝ፤ አንሶላ፥ ፎጣና የአንገት ልብስ ይሆናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንድረስ፤ ይኸውም ስንቅ ነው። እናት በርበሬውን፥ ሽሮውን፥ ድርቆሹን፥ ቋንታውን ስታሰናዳ እምቢ ማለት ለልጅ ከባድ ነው፤ እምቢ ያላለ ልጅ ግን ስድስት ኪሎ ስንቅ ጨምሮ ይሄዳል። ሽሮ እሳትና ድስት ይፈልጋል፤ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣልና ለመንገደኛ ከሁሉ ይመረጣል። ጥቂት ቆሎም አይከብድም። ቋንታ፥ ቅቤና በቅቤ የታሸ ጭኮ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ ሰው አይሆኑም፤ ከሌላ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ተከልክሏልና፥ የእናት ድካም በአውሮፕላን ጣቢያ ተወርሶ ይቀራል። ይህን ነገር ቅቤው ከመነጠሩ በፊት ለእናት በትሕትና መንገር ይሻላል።

ሁለተኛው ፈተና በሙሉ ጓዝ ሁለት ቀን መሄድና አንድ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ነው። ሲመለሱ ዕቃው ሁሉ በምንጣፍ ላይ ይዘርጋ፤ ከመድኃኒትና ከዝናብ ልብስ በቀር በሁለቱ ቀን ያልተነካው ተለይቶ በቤት ይቅር። ለስልክ መሙያ የሚሆነው ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ይግባ፤ በአውሮፕላን ከሚጫነው ዕቃ ጋር መላክ የተከለከለ ነው፥ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነውም ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይያዝም።