ድንኳን ውስጥ የገባው ማንደጃ

ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት አሰላ ከተማ ውስጥ ድንኳን፣ ፍራሽና ጄሪካን ጣሪያቸው ላይ የጫኑ መኪኖች አልፎ አልፎ አያለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አሉ። ከውጭ አገር ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም አሉ፤ ለአባትየው የተወለደበት ቀዬ ነው፣ ለልጆቹ ግን የሰው አገር ነው። በፈጣን መንገዱ አዳማ ይደርሱና 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዘው አሰላ ይገባሉ። ከዚያ በቆጂን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈው ዲንሾ፣ ቀጥሎም ሰኔቲ። በተለይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለዚህ ጉዞ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ከእነዚህ ቤተሰቦች ስለ አንዱ ነው። ባልና ሚስት፣ የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ። ከጭላሎ ግርጌ ድንኳን ተክለው ማታ ቡና ተፈላ፣ ሥጋ ተጠበሰ። የጥር ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ሌሊቱን ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል። እናትየው ለልጅቷ አዝና ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ አስገባችው። ግድየለሽ ሆና አይደለም። ጭሱ እስኪያልቅና ፍሙ አመድ ለብሶ ነጭ እስኪሆን ጠብቃለች። ወንድ ልጁ ግን ማታ ከአባቱ ጋር ተኮራርፎ መኪና ውስጥ ተኛ።

ንጋት ላይ ልጁ ሽንት ሊሸና ሲወጣ የእህቱን ማቃሰት ሰማ። ዚፑን ከፍቶ ሲገባ ልጅቷ አስመልሳለች፣ እናቱን ቢጠራት አትመልስም፣ አባቱ ሊነሳ ሞክሮ ወደቀ። ሦስቱንም እየጎተተ አወጣቸው። በአካባቢው ሰዎች እርዳታ ወደ እኛ ሲደርሱ አባትየው አንደበቱ ተመልሶ ነበር፤ «ዶክተር፣ ከፍታው ነው፤ ስለ ተራራ ሕመም አንብቤያለሁ» አለኝ።

እውነት ለመናገር የሚያሳስት ነገር አለው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም የሁለቱም ምልክቶች ናቸው። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም 95 አለን፤ ለአሰላ ከፍታ ደህና ቁጥር ነው። ግን ይህ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ለይቶ አያውቅም። ሰውየው እየታፈነ መለኪያው ደህና ነው ሊል ይችላል። እኔን ያነቃኝ መኪና ውስጥ ያደረው ልጅ ነው። በዚያው ከፍታ አድሮ ምንም አልሆነም። «ድንኳኑ ውስጥ ምን ነበር?» ስል ጠየቅኩ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደማችን ቀይ ሕዋስ ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ጥቂቱ እንኳ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ጭስ ማቆሙና ፍሙ መንጣቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ይህንን ጋዝ ያወጣል። የጋዝ ምድጃም ሆነ ድንኳን አጠገብ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና ያው አደጋ አላቸው። የድንኳኑን በር ትንሽ ከፍቶ መተውም አያስተማምንም። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ከእሷ ይልቅ ፅንሱ ይበልጥ ይጎዳል።

በአንድ ድንኳን ወይም ቤት ያደሩ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። ትንፋሻችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና ተቋም ውሰዷቸው። ወተት ማጠጣት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ጋዙን ከደም አያወጣውም፣ ራሱን ለሳተ ሰው ከተሰጠ ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ መዘዝ ያመጣል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅ፣ በጭንብል በሚሰጥ ኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዝቅ ይላል። የተሻለው ሰውም መታየት አለበት፤ የመርሳትና የባሕርይ ለውጥ ችግር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

ታዲያ ብርዱን በምን እንቻለው? ቅዝቃዜው በአብዛኛው የሚመጣው ከታች ነው። አርሲ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ከገበሬ ጭድ ገዝታችሁ ከድንኳኑ ሥር አንጥፉ፣ ከላዩ ፍራሽ። ቀን ያላባችሁበትን ልብስ ቀይራችሁ፣ ኮፍያና ካልሲ አድርጋችሁ፣ በስሊፒንግ ባጉ ላይ ጋቢ ደርቡ። ልጆችን መሐል አስተኙ። ማንደጃው ውጭ ይደር።

አባትየው ስለ ከፍታው ያነበበው ግን ከንቱ አልነበረም። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 በላይ፣ ሰኔቲ 4,000 አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። ቀን ወጥቶ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው የምታድሩበት ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁን ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በእረፍት ጊዜም ትንፋሽ ካጠረ፣ አረማመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግር ከተምታታ ሌሊት ነው ሳትሉ ወደ ታች ውረዱ። በቆጂ ሲደርሱ «የደራርቱና የቀነኒሳ አገር ነው» ብለው ሩጫ የሚጀምሩ እንግዶች አጋጥመውኛል። ኧረ ቀስ በሉ፤ እነሱ እዚያው አየር ላይ ነው ያደጉት።

ስለ ውሃ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ወተትም፣ የአርሲ ወተት የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ሳይፈላ ለልጆች አይሰጥ። የአርሲም የባሌም ተራሮች የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ናቸው፤ ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎባቸው ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ጨርሷል። ስለዚህ ልጆቻችሁ የእረኞችን ውሻ እንዳይደባብሱ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ለክትባት በዚያው ቀን ሂዱ፤ ውሻው ያብድ እንደሆን እስኪታይ አትጠብቁ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ደጋ ከመውጣታቸው በፊት ሶደሬ ወይም ቆቃ ዳር የሚያድሩ ብዙዎች ናቸው፤ ያ የወባ አካባቢ ነው። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ወባን የመቋቋም አቅም አላዳበሩም። ከመምጣታችሁ በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሩ፣ እዚያ ስታድሩ አጎበር ተጠቀሙ። ትኩሳቱ ግን ከሳምንት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ወደ ኑሯችሁ ተመልሳችሁ ልጁ ካተኮሰው ለዚያ አገር ሐኪም የት እንዳደራችሁ ንገሩት። እሱ ጉንፋን ነው ብሎ እንዳይሸኛችሁ።

ያ ቤተሰብ ኦክስጅን ሲሰጠው ውሎ አድሮ በማግስቱ ወጣ። የባሌውን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አስተላልፈው አሰላ የአባትየው አክስት ዘንድ ሰነበቱ። ልጆቹ በድንኳን ካላደርን ብለው ስላስቸገሩ ግቢው ውስጥ ተተከለላቸው። ለክትትል ሲመጡ ትንሿ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ማታ ማታ ወንድሟ ማንደጃው ውጭ መሆኑን ሳያይ አይተኛም።