«ከፍታ የሚያመው ፈረንጅን ነው» ለምትሉ፦ የጨነቅ ሌሊታችን

 

ባለፈው ሳምንት ፈረስ መጋላ ባጃጅ እየጠበቅኩ አንዲት የሰፈራችን እናት እጄን ያዝ አደረጉኝ። ከማኅበራቸው ጋር ሚኒባስ ተኮናትረው ላሊበላን ሊሳለሙ አስበዋል፤ እግረ መንገዳቸውንም አሸተን ማርያም በበቅሎ ሊወጡ። «ልጄ፣ ደም ብዛት አለብኝ። ተራራው አያስነሳብኝም?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ አጠገባቸው የቆመ ጎረምሳ ቀደመኝ፦ «አቦ እማማ፣ ከፍታ የሚያመው ፈረንጅን ነው! እኛ የደጋ ልጆች ነን።»

ይቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። የእማማን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት እሱን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቄ ገና ሥራ ሳልጀምር ነበር። ያን ጊዜ መንገዱም ሰላም ነበር። አሥራ አንድ ሆነን በአንድ ሚኒባስ ከሐረር ተነሳን። ደብረ ሊባኖስን ተሳልመን፣ ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ ባሕር ዳር አድረን፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይተን ወደ ሰሜን ተራሮች። የመጨረሻው መድረሻችን ጃናሞራ ውስጥ ያለችው ደረስጌ ማርያም ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደብር ናት። የቡድናችን ታላቅ እትዬ ለእመቤታችን የተሳሉትን የቀይ ከፋይ ጥላ በፌስታል ጠቅልለው፣ ከሐረር ጀምሮ ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የተጓዙት። ሻንጣ ላይ ይቀመጥ ብንላቸው ወይ ፍንክች።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ሐረር 1885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዋሽ ስትደርሱ ወደ 1000 ሜትር ትወርዳላችሁ። አዲስ አበባ ከ2300 በላይ፣ ባሕር ዳር 1800፣ ጎንደር 2100 ገደማ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልታመመም፤ ዓባይ በረሃ መታጠፊያው ላይ ካስመለሳት አንዲት ልጅ በስተቀር፣ እሱም የመኪና ነው። ችግሩ የመጣው በሚቀጥለው ቀን ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነሳን፣ ደባርቅ (2850 ሜትር ገደማ) ምሳ በላን፣ የፓርኩን ትኬት ቆርጠን ስካውት ይዘን፣ ማታ ጨነቅ ካምፕ ገባን። ጨነቅ 3600 ሜትር ላይ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 1500 ሜትር ወጥተን እዚያው ተኛን ማለት ነው። ከእግረኛ ይልቅ በመኪና የሚሄድ ሰው በከፍታ ቢጠቃ አይግረማችሁ። እግረኛ ተራራው ራሱ ቀስ ያደርገዋል፤ መኪና ግን ሳንባችሁን አይጠይቅም።

ከፍ ስንል ምን ይሆናል? ብዙ ሰው «ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። አለ እኮ! ሐረርም ሆነ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ የአየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ኦክስጅን ያንሳል፤ ጨነቅ ላይ ባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ደግሞ ዝም አይልም። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት ይበዛል። ሌሊት ስትተኙ ትንፋሽ ቆም ብሎ ድንገት ይመጣና ያባንናችኋል። ይሄ ሁሉ ጤነኛ መልመድ ነው፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ቀናቱን ስትከለክሉት የከፍታ ሕመም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከደረሳችሁ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምራል፤ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካምና ማዞር ይከተላል።

ከመሃላችን የታመመው ማን መሰላችሁ? እትዬ አይደሉም። ሐኪም ጋራን በሩጫ የሚወጣው፣ የ24 ዓመቱ ኳስ ተጫዋች ጓደኛዬ ነው። ይሄን አስምሩበት፦ የሰውነት ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጠንካሮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚሄዱና «ምንም አልሆንኩም» ስለሚሉ የባሰ ይጎዳሉ።

እሱ ከባሕር ዳር የገዛውን ጫት መኪና ውስጥ ሲቅም ነበር የዋለው። ጨነቅ እንደደረስን ጭላዳዎቹን ፎቶ ሊያነሳ ሮጠ። ማታ እራት አልበላም፣ «ጭንቅላቴን ወጋኝ» አለ። እኔ፣ አዲሱ ዶክተር፣ ምን አልኩ? ምርቃናው ሲለቀው ነው አልኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲያስመልሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን ስለቃመ ጨጓራው ነው ብዬ ኦሜፕራዞልና ፓራሲታሞል ሰጠሁት። ያን ስሕተት እስከዛሬ አልረሳውም። ዛሬ የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ከ2500 ሜትር በላይ የወጣ ሰው ራሱን ካመመው፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከፍታው ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ከኋላው አየሁት። እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። የጃኬቱን ዚፕ መዝጋት አቅቶታል። መሬት ላይ መስመር አስምሬ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ሂድ አልኩት፤ ሦስተኛዋ እርምጃ ላይ ወደቀ። ያኔ ደነገጥኩ። ሚዛን መሳትና መደናገር ማለት አንጎል ማበጥ ጀምሯል ማለት ነው። ይሄ በሰዓታት ውስጥ ራስን ወደ መሳት፣ ወደ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። ሌላው አደገኛ ዓይነት ሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሌሊት አካባቢ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ሲብስ አረፋ ያለበት ሮዝ አክታ ይወጣል። ለሁለቱም ዋናው መድኃኒት አንድ ነው፦ መውረድ።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ሾፌራችን «ዶክተር፣ የቧሂትን ማለፊያ ከተሻገርን እኮ ወደ መካነ ብርሃን ቁልቁለት ነው። እዚያም እንወርዳለን፣ ደረስጌም እንደርሳለን» አለ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል አይደል? ግን ማለፊያው ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ያበጠውን አንጎል መጀመሪያ ሌላ 600 ሜትር ወደ ላይ ልትወስደው ነው፤ ድንገት መኪናው እዚያ ቢበላሽስ? መውረድ ማለት አሁኑኑ፣ በመጣንበት መንገድ መውረድ ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ «ጸበል ይጠጣና ትንሽ ይረፍ» አለ። ሁሉም እትዬን ያያል። ጥላው አሁንም ጭናቸው ላይ ነው፤ ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለዋል። «እመቤቴ ጃናሞራ ብቻ አይደለም ያለችው፤ ልጁን አውርዱት» አሉ። በቃ፣ ሞተሩ ተነሳ።

ደባርቅ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ሳንቃበርን አልፈን ጥቂት እንደወረድን ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። ደባርቅ በጤና ተቋም ኦክስጅንና ዴክሳሜታሶን ተሰጠው። ማታ አጥሚት ጠጣ፤ በነጋታው በራሱ እግር ሄደ። እትዬም ወደ ጃናሞራ የሚመለሱ አንድ ቄስ አግኝተው ጥላውን ላኩት።

እና «የደጋ ልጆች ነን» የሚለውስ? ከመውረዳችን በፊት በኮቪድ ጊዜ ያወቃችኋትን የጣት ኦክስጅን መለኪያ አወጣሁ። ጓደኛዬ 76፣ እኔ 87። ከዚያ እዚያው አገር ተወልደው ያደጉት ስካውታችን «እስኪ እኔንም» አሉ፤ 95! ይሄ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቤል ከባልደረቦቿ ጋር እዚያው ሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን አጥንታ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። የኦክስጅናቸው አማካይ 95.3 በመቶ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም ባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢን ይበዛል፤ የቲቤቶቹ ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ የእኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ። እኛ አገር ከፍታ ላይ መኖር ራሱ የቆየ ነገር ነው። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ፤ 3469 ሜትር ላይ፣ ሰዎች ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ይጠቀሙበት እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ግን ልብ በሉ። ይሄ ጸጋ እዚያ በትውልድ ትውልድ የኖሩት ሰዎች ነው። መታወቂያ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ስለሚል አይመጣም። ባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩት እንኳ ሄሞግሎቢናቸው ከሰሜኖቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ሁለቱም ደጋ ናቸው፣ ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሐረር ልጅ 1885 ሜትር፣ የድሬ ልጅ ደግሞ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚኖረው። አዲስ አበቤ ትንሽ ይሻላል። ጨነቅ ላይ ግን ሁላችንም ፈረንጅ ነን።

እንግዲህ ልትሄዱ ላሰባችሁ። ዋናው ነገር ቀን ምን ያህል ወጣችሁ ሳይሆን ሌሊት የት ተኛችሁ ነው። ቀን ማለፊያው ላይ ወጥታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ተኙ። ወደ ጨነቅ ከመውጣታችሁ በፊት ደባርቅ ላይ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት እደሩ። ከ3000 ሜትር በላይ የምትተኙበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን ባላችሁበት እረፉ። ራስ ምታት ያለበት ሰው እስኪተወው ከፍ አይበል። የባሰበት ይውረድ፤ ብቻውንም እንዳትልኩት።

አሴታዞላማይድ (ብዙዎች ዳያሞክስ የሚሉት) ለመከላከል ይረዳል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ አትዋጡት። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጣት ይቆረጥማል፣ ሽንት ያበዛል፣ ኮካውንም ጣዕም ያሳጣዋል፤ አትደንግጡ።

ስለ ጫት መናገሬን የማትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሐረር ተቀምጬ ይሄን መጻፍ ራሱ ድፍረት ነው። ግን ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍና ምግብ ይዘጋል። የከፍታ ሕመምም ምግብና እንቅልፍ ይነሳል፤ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እኔን ያሳሳተኝም ይሄው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ተዉት። «ለብርዱ» የሚባለው አረቄም ትንፋሽን ያዳክማል፤ የእንቅልፍ ክኒንም እንደዚያው።

ሌላ ገዳይ ነገር፦ ብርድ ስለሆነ ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ መመረዝም ራስ ምታትና ማስመለስ ነው የሚጀምረው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

የስኳር ታማሚዎች ኢንሱሊኑን ሌሊት ብርዱ እንዳያቀዘቅዘው ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ያዙ፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። አስም ያለበት መንፊያውን ኪሱ ውስጥ ያድርግ፣ መኪና ጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ማነስ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ ሳይመረመር አይሂድ።

ለእማማ ያልኳቸው ደግሞ ይሄ ነው። የደም ግፊት ከፍታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ በመድኃኒት የተስተካከለ ሰው ግን ላሊበላ (2500 ሜትር ገደማ) ቢሄድ ችግር የለውም። ከመሄዳቸው በፊት መጥተው ይለኩ፤ ከ180 በላይ ከሆነ ጉዞው ይቆይ። መድኃኒቱን ለጉዞው ከሚበቃው አንድ ሳምንት አስበልጠው ይያዙ፣ በጾምም በጸበልም ምክንያት አያቋርጡ። ግራ ከገባቸው የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ፤ «ክኒኑን ተይው» ያለ የነፍስ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። አሸተን ማርያም ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነች በደረሱበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ይውጡ፤ ወጥተው ተሳልመው በዚያው ቀን ላሊበላ ይመለሱ።

ማክሰኞ ጠዋት መጥተው ተለክተዋል፦ 150 በ90። ሁለት ሳምንት ሰጥቻቸዋለሁ።